ነባር ኮምፒውተሮችን ወደ አዲስ ስርዓተ ክወና ማሸጋገር፡ ከማሽኑ በፊት ሰነዱን

ማይክሮሶፍት የተሰኘው የአሜሪካ የሶፍትዌር ኩባንያ «ዊንዶውስ 10» ለተባለው ስርዓተ ክወና ወይም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲሰጥ የቆየውን መደበኛና ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ይህ ስርዓተ ክወና ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ለተጠቃሚዎች ከቀረበበት ጊዜ አንስቶ ከአሥር ዓመታት በላይ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በባንኮች፣ በትምህርት ቤቶችና በግል ድርጅቶች ሲያገለግል የቆየ ነው።

ድጋፉ በተቋረጠ ማግስት ኮምፒውተሮቹ ሥራቸውን አላቆሙም። ጠዋት ሲበሩ ይከፈታሉ፤ ደብዳቤ ይጻፍባቸዋል፤ ሪፖርት ይታተምባቸዋል። አሳሳቢው ጉዳይም ይኸው ነው። ጉድለቱ በዓይን የማይታይ በመሆኑ ውሳኔውን ከአንዱ የበጀት ዓመት ወደ ሌላው ማሸጋገር ቀላል ሆኖ ይገኛል። በአንጻሩ ያለ በቂ ዝግጅት በጥድፊያ የሚካሄድ የማሻሻል ሥራ ለዓመታት የተከማቹ የአማርኛ ሰነዶችን የማይነበቡ አድርጎ ሊያስቀር ይችላል።

በመሆኑም ነባር ኮምፒውተሮችን ወደ አዲስ ስርዓተ ክወና ማሸጋገር ለኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ሲሆን በውስጡ ያለው ሰነድ ግን የባለጉዳዩ፣ የሠራተኛውና የግብር ከፋዩ መብት ማስረጃ ነው። የሥራው ቅደም ተከተልም በዚሁ ሊመራ ይገባል፤ አስቀድሞ ሰነዱን ማዳን፣ ከዚያም ማሽኑን ማሻሻል።

የድጋፍ መቋረጥ ምን ማለት ነው?

ስርዓተ ክወና በኮምፒውተሩ አካላትና በተጠቃሚው መካከል ሆኖ ሥራውን ሁሉ የሚያስተባብር መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። የጽሑፍ ማዘጋጃ፣ የሒሳብ መመዝገቢያ፣ የኢንተርኔት መጎብኛ ወይም ማተሚያ የሚሠሩት በእሱ አማካይነት ነው። እጅግ ብዙ የትእዛዝ መስመሮች ያሉት በመሆኑም አገልግሎት ላይ ከዋለ በኋላ ቀደም ሲል ያልታዩ የደህንነት ክፍተቶች በየጊዜው ይገኙበታል።

ኩባንያው እነዚህን ክፍተቶች የሚደፍኑ ማስተካከያዎችን በመደበኛነት በየወሩ ያሰራጫል። ድጋፍ ተቋረጠ ማለት ይህ ወርሃዊ ማስተካከያ ቆመ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚገኝ ማንኛውም ክፍተት በማሽኑ ላይ እንደተከፈተ ይቀራል። ከዚህም በላይ ለአዲሱ ስርዓተ ክወና የሚወጣው ማስተካከያ በአሮጌው ውስጥ የሚገኘው ተመሳሳይ ክፍተት የት እንዳለ ለአጥቂዎች ጠቋሚ ሊሆን ይችላል።

ተመሳሳይ ሁኔታ ቀደም ባሉት ዓመታትም አጋጥሟል። «ዊንዶውስ ኤክስፒ» መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ «ዊንዶውስ 7» ደግሞ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ድጋፋቸው ተቋርጧል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በቆመበት ዕለት «ኦፊስ 2016» እና «ኦፊስ 2019» የተባሉት የጽሑፍና የሠንጠረዥ ማዘጋጃ ፕሮግራሞችም ድጋፋቸው አብቅቷል። ስለሆነም መሥሪያ ቤቶች ሲያቅዱ ስርዓተ ክወናውን ብቻ ሳይሆን የቢሮ ፕሮግራሞቻቸውንም መመልከት ይኖርባቸዋል።

ከ2009 ዓ.ም. ጥቃት የተገኘ ትምህርት

የማስተካከያዎች ጥቅም በግልጽ የታየው ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተሰኘ ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ በተሰራጨበት ወቅት ነበር። ፕሮግራሙ በኮምፒውተር ውስጥ የሚገኙ ፋይሎችን በምስጢር ቁልፍ እየቆለፈ ለመክፈቻው 300 የአሜሪካ ዶላር የሚጠይቅ ሲሆን፣ በ150 ያህል አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን እንዳጠቃ ተገምቷል።

ከፍተኛ ጉዳት ከደረሰባቸው ተቋማት መካከል የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት አንዱ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ከ236 የጤና አስተዳደር ተቋማት ቢያንስ 81 የሚሆኑት እንደተጎዱ፣ 6 ሺህ 912 የሕክምና ቀጠሮዎች መሰረዛቸው እንደተረጋገጠና አጠቃላይ ቁጥሩ ግን ከ19 ሺህ በላይ እንደሚሆን እንደተገመተ አስታውቋል። ድንገተኛ ሕሙማንን ወደ ሌላ ሆስፒታል ለመላክ የተገደዱ ሆስፒታሎችም ነበሩ።

ከሪፖርቱ ለሥራ ኃላፊዎች ይበልጥ ጠቃሚ የሚሆነው ግን ሌላ ነጥብ ነው። ጥቃቱ የተጠቀመበትን ክፍተት የሚደፍነው ማስተካከያ የወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ማለትም ከጥቃቱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነበር። በጤና አገልግሎቱ ከተጠቁት ማሽኖች አብዛኞቹም በወቅቱ ድጋፍ ያልተቋረጠበትን ዊንዶውስ 7 የሚጠቀሙ፣ ነገር ግን ማስተካከያው ያልተጫነላቸው ነበሩ።

ከዚህ ሁለት ነገር መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ ድጋፍ የሌለው ስርዓተ ክወና አደጋ ነው። ሁለተኛ፣ አዲስ ስርዓተ ክወና መጫን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ማስተካከያውን በየወሩ የሚከታተልና የሚጭን ኃላፊነት ያለው ሰው መኖር አለበት።

የትኛው ኮምፒውተር ሊሻሻል ይችላል?

ዊንዶውስ 11 መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ ከቀደሙት ይልቅ ጠበቅ ያሉ መስፈርቶችን ይዞ መጥቷል። ቢያንስ ሁለት ማዕከል ያለው ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም እና 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ በተጨማሪ «ሴኪዩር ቡት» የተባለውን ከአስተማማኝ ምንጭ ብቻ የመነሳት ሥርዓት የሚደግፍ መሆንና «ቲፒኤም 2.0» የተሰኘ የምስጢር ቁልፎችን የሚያስቀምጥ የደህንነት ክፍል በውስጡ መያዝ ይኖርበታል።

ብዙ ነባር ኮምፒውተሮችን የሚጥለው መስፈርት ፕሮሰሰሩ ነው። የኢንቴል ምርት ከሆነ በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለው፣ የኤኤምዲ ምርት ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው ከራይዘን 2000 ተከታታይ ጀምሮ ያለው ተቀባይነት አለው። ትውልዱን ለማወቅ «ሴቲንግስ» ቀጥሎም «ሲስተም» ከዚያም «አባውት» የሚሉትን በመክፈት የፕሮሰሰሩን ስም ማንበብ ይቻላል። ለምሳሌ ከ«ኮር አይ 5» በኋላ 7200 የሚል ቁጥር ቢገኝ ፕሮሰሰሩ 7ኛ ትውልድ በመሆኑ መስፈርቱን አያሟላም። 8250 የሚል ከሆነ 8ኛ ትውልድ፣ 10210 የሚል ከሆነ ደግሞ 10ኛ ትውልድ ስለሆነ ያሟላል። ኩባንያው «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» በሚል ስም ያዘጋጀው ነፃ መፈተሻም ማሽኑ የትኛውን መስፈርት እንዳላሟላ ለይቶ ይናገራል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። መፈተሻው «ቲፒኤም የለም» ቢል ማሽኑ አይሆንም ብሎ ወዲያውኑ መደምደም አይገባም። በበርካታ ኮምፒውተሮች ላይ ክፍሉ በውስጡ እያለ ከፋብሪካ ሳይበራ የተላከ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ማሽኑ ሲነሳ በሚከፈተው የመነሻ ማስተካከያ ገጽ፣ በተለምዶ ባዮስ በሚባለው ውስጥ ገብቶ ሊያበራው ይችላል። ራም ማነስም እንዲሁ በአነስተኛ ወጪ የሚስተካከል ነው። ፕሮሰሰሩ መስፈርቱን የሚያሟላ ሆኖ ኮምፒውተሩ ግን ዘገምተኛ ከሆነ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ «ኤስኤስዲ» በተባለው ፈጣን ማከማቻ መተካት አብዛኛውን ጊዜ የሚታይ ለውጥ ያመጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር ቆጠራ ነው። የእያንዳንዱን ኮምፒውተር የንብረት መለያ ቁጥር፣ ተጠቃሚ ክፍል፣ የፕሮሰሰር ትውልድ፣ የራምና የማከማቻ መጠን፣ የተጫነውን ስርዓተ ክወና እንዲሁም የሚያገለግልበትን ልዩ ፕሮግራም የያዘ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በዚህ ሠንጠረዥ መሠረት ማሽኖቹ እንዳሉ የሚሻሻሉ፣ አነስተኛ ዕቃ ተጨምሮላቸው የሚሻሻሉና ፈጽሞ የማይሻሻሉ ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። ያለዚህ መረጃ የሚቀርብ የግዥ ጥያቄ ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል።

የአማርኛ ሰነዶች ልዩ ጉዳይ

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የማሻሻል ሥራው ከሌሎች አገሮች የሚለይበት ዋነኛ ነጥብ የአማርኛ ሰነዶች ጉዳይ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ቀደም ሲል ለግዕዝ ፊደላት ዓለም አቀፍ የጋራ ቁጥር ስላልነበረ «ፓወር ግዕዝ» እና «ቪዥዋል ግዕዝን» የመሳሰሉ የአማርኛ መጻፊያዎች የራሳቸውን መፍትሔ ፈጥረው ነበር። ይኸውም ለላቲን ፊደላት በተመደበው ቁጥር ላይ የግዕዝ ፊደልን ምስል ማሳረፍ ነው። ላቲን የሚፈልገው ቦታ ጥቂት፣ የግዕዝ ፊደላት ግን ከምልክቶቻቸው ጋር ከ300 በላይ በመሆናቸው ፊደሉን ከአንድ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፍለው የሚያስቀምጡም ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደላት የራሳቸውን ቋሚ ቁጥር ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» ከተባለው ፎንትና ከአማርኛ የፊደል ገበታ ጋር መጥቷል። ይሁን እንጂ በአሮጌው መንገድ መጻፍ በአንድ ጊዜ አልቀረም። በዚህም ምክንያት የበርካታ ዓመታት ቃለ ጉባኤ፣ የሹመትና የዝውውር ደብዳቤ፣ የይዞታ ማስረጃ ወይም የክስ መዝገብ በእነዚህ የቀድሞ ፎንቶች ተጽፎ የተቀመጠበት መሥሪያ ቤት ሊኖር ይችላል።

እንዲህ ያለ ሰነድ ፎንቱ ወዳልተጫነበት አዲስ ማሽን ሲዛወር ፋይሉ ይከፈታል፤ የሚታየው ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ሠራተኛው ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ሊያጠፋው ይችላል። በእርግጥ ግን ጽሑፉ አልጠፋም፤ የጠፋው ማንበቢያው ነው። አሮጌው ማሽን ዲስኩ ተጠርጎ ከተወገደና የፎንቱ ቅጂ በሌላ ቦታ ካልተገኘ ሰነዱን መልሶ ማንበብ አስቸጋሪ ይሆናል።

ስለሆነም ማንኛውም ማሽን ከመነካቱ በፊት ሦስት ነገሮች ሊከናወኑ ይገባል። በመጀመሪያ በማሽኑ ላይ የሚገኙትን የአማርኛ ፎንቶች በሙሉ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። ለአሮጌዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች የተገዛ ሲዲና የፈቃድ ቁጥር ካለም አብሮ ሊቀመጥ ይገባል። ሁለተኛው በቀድሞ ፎንት የተጻፉ አስፈላጊ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። ወደ ዩኒኮድ የተቀየረ ሰነድ በማንኛውም ዘመናዊ ኮምፒውተርና ስልክ ከመነበቡም ሌላ በቃል ፍለጋ ሊገኝ ይችላል። በቀድሞው ፎንት የተጻፈ ግን በአማርኛ ቃል ቢፈለግ አይገኝም። ሦስተኛው ፊርማና ማኅተም ያረፈባቸውን ወይም መልካቸው መለወጥ የሌለበትን ሰነዶች ፎንቱ በውስጡ በታቀፈ «ፒዲኤፍ» አስቀምጦ ማቆየት ነው።

የመቀየሩ ሥራ በፕሮግራም አማካይነት የሚከናወን ቢሆንም የሰው ዓይን ያስፈልገዋል። በተለይ የሰው ስም፣ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ላይ ስህተት ሊፈጠር ይችላል። «ዓለሙ» የነበረው «አለሙ»፣ «ሠናይት» የነበረችው «ሰናይት» ሆና ብትገኝ ለአንባቢ ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ጡረታ ለማስከበር፣ ውርስ ለማረጋገጥ ወይም የትምህርት ማስረጃ ለማመሳከር ለሚመጣ ባለጉዳይ ግን ለወራት የሚያመላልስ የስም ልዩነት ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የተቀየረው ሰነድ ከዋናው ጋር ሳይመሳከር ዋናውን ፋይል ማጥፋት አይገባም።

በዩኒኮድ በተጻፉ ሰነዶች ላይም አነስተኛ ለውጥ ሊታይ ይችላል። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ኒያላ ተጨማሪ ተብለው ከሚጫኑ ፎንቶች ውስጥ እንጂ ሁልጊዜ በማሽኑ ላይ የሚገኝ አይደለም። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ «ኢብሪማ» በተባለው ወይም በሌላ ፎንት ይታያል። ጽሑፉ ቢነበብም የመስመሩና የገጹ አቀማመጥ ሊዛባ ስለሚችል ቅጾችን በብዛት የሚጠቀሙ ክፍሎች ፎንቱን ከተጨማሪ ፎንቶች ዝርዝር ውስጥ መርጠው ማስጫን ይኖርባቸዋል።

መጠባበቂያ ቅጂ

ከፎንቱ ጋር መታየት ያለበት የፋይሎቹ መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ሠራተኞች ሰነዶቻቸውን በአንድ ቦታ ብቻ አያስቀምጡም። በገጽታው ላይ፣ በ«ዶክመንትስ» ውስጥ፣ በሁለተኛው የዲስክ ክፍልና በቆዩ የፍላሽ ቅጂዎች ተበትነው ይገኛሉ። በኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጡ የኢሜይል መልእክቶችና የሒሳብ ፕሮግራም የመረጃ ቋቶችም አብረው ሊታሰቡ ይገባል።

ቅጂው ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ማከማቻዎች ቢያዝና አንዱ ከቢሮው ውጭ ወይም በተለየ ክፍል ተቆልፎ ቢቀመጥ ይመረጣል። በዚያው ማሽን ሌላ የዲስክ ክፍል ላይ የተቀመጠ ቅጂ እንደ መጠባበቂያ አይቆጠርም፤ ዲስኩ ቢበላሽ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉና። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅጂው መፈተሽ አለበት። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከየዓመቱ ጥቂት ፋይሎችን ከፍቶ ማንበብ የሚወስደው ደቂቃዎችን ነው። ይህ ሳይደረግ የሚሰጥ «ተገልብጧል» የሚል ማረጋገጫ ዋጋ የለውም።

የማሻሻል ሥራው እንዴት ይከናወናል?

ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ 10 ከተጫነበትና መስፈርቱን ከሚያሟላ ማሽን ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር ያለ ተጨማሪ የፈቃድ ክፍያ የሚፈጸም ነው። ሥራው በሁለት መንገድ ሊካሄድ ይችላል። አንደኛው ፋይሎችንና ፕሮግራሞችን እንዳሉ ይዞ በላዩ ላይ ማሻሻል ነው። ሁለተኛው ዲስኩን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው። ሁለተኛው ማሽኑን ከቆየ ግሳንግስ የሚያጸዳ ቢሆንም መጠባበቂያ ቅጂ ሳይያዝ ከተፈጸመ የነበረውን ሁሉ ያጠፋል። ዊንዶውስ 7 ያለበት ማሽን መስፈርቱን አሟልቶ ቢገኝ እንኳ ወደ ዊንዶውስ 11 በቀጥታ በላዩ ላይ ማሻሻል ስለማይቻል እንደ አዲስ መጫንን ይጠይቃል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የዲስክ መቆለፊያው «ቢትሎከር» መብራቱን ማረጋገጥ ያሻል። በርቶ ከሆነ የማገገሚያ ቁልፉ ተጽፎ ሊቀመጥና መቆለፊያው ለጊዜው ሊታገድ ይገባል። ይህ ሳይደረግ የመነሻ ማስተካከያው ከተነካ ማሽኑ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉን የሚያውቅ ካልተገኘም መረጃው እዚያው ተቆልፎ ይቀራል።

የኤሌክትሪክ ኃይልና የኢንተርኔት አቅርቦትም ግምት ውስጥ ሊገባ ይገባል። በጭነት መካከል ኃይል ቢቋረጥ ስርዓተ ክወናው ሊበላሽ ስለሚችል ማሽኑ ከዩፒኤስ ጋር መገናኘት፣ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ባትሪው መሙላትና ከቻርጀሩ ሳይነቀል መሥራት ይኖርበታል። የመጫኛው ፋይል በርካታ ጊጋባይት የሚመዝን በመሆኑ እያንዳንዱ ማሽን በተናጠል ከኢንተርኔት እንዲያወርድ ከማድረግ ይልቅ አንድ ጊዜ ከኩባንያው ድረ ገጽ አውርዶ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ በማዘጋጀት ለሁሉም ማዳረስ ጊዜና ወጪ ይቆጥባል። ምንጩ ካልታወቀ ሲዲ ወይም ፍላሽ መጫን ግን ጎጂ ፕሮግራምን በገዛ እጅ ማስገባት ሊሆን ይችላል።

ዊንዶውስ 11 በባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ላይ ብቻ የሚሠራ ነው። ለባለ 32 ቢት የተዘጋጁ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ሲሆን፣ ከዚያ የቀደሙት የ16 ቢት ፕሮግራሞች ግን አይከፈቱበትም። ለቆዩ ማተሚያዎች፣ ስካነሮችና የጣት አሻራ መሣሪያዎች የሚያስፈልገው ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም መኖሩም አስቀድሞ ሊጣራ ይገባል። ስለሆነም ከየክፍሉ አንድ ማሽን ብቻ በመጀመሪያ ተሻሽሎ መደበኛ ሥራ ሲሠራበት መቆየቱ፣ ማለትም ደብዳቤ ማተሙ፣ ሒሳብ መመዝገቡና የቆየ ፋይል መክፈቱ ሲረጋገጥ ወደ ቀሪዎቹ መሄድ ተመራጭ ነው። በላዩ ላይ የተሻሻለ ማሽን ችግር ቢገጥመው በአብዛኛው በ10 ቀናት ውስጥ ወደ ነበረበት መመለስ የሚቻል በመሆኑ ፍተሻው በዚህ ጊዜ ውስጥ መጠናቀቅ አለበት።

መስፈርቱን ላላሟሉ ማሽኖች ያሉ አማራጮች

መስፈርቱን ያላሟላ ኮምፒውተር ሁሉ ወዲያውኑ ይጣላል ማለት አይደለም። አራት አማራጮች ሲኖሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ወጪና ገደብ አላቸው።

የመጀመሪያው የተራዘመ የደህንነት ድጋፍ መግዛት ነው። ኩባንያው በ2016 ዓ.ም. ባስታወቀው መሠረት ለድርጅቶች የአንድ ማሽን ክፍያ በመጀመሪያው ዓመት 61 የአሜሪካ ዶላር ሆኖ በየዓመቱ እጥፍ የሚሆን ሲሆን፣ እስከ ሦስት ዓመት ብቻ ይሰጣል። ዘግይቶ የሚገባ ድርጅትም ያለፈውን ዓመት ክፍያ አብሮ ይከፍላል። በዚህ ስሌት የአንድ ማሽን የሦስት ዓመት ክፍያ 427 ዶላር ይደርሳል። ስለሆነም አማራጩ በቶሎ ሊተኩ ለማይችሉ ጥቂትና ወሳኝ ማሽኖች የጊዜ መግዣ እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም።

ሁለተኛው ወደ ነፃ ስርዓተ ክወና መሸጋገር ነው። ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት የመሳሰሉት ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኙ፣ በበርካታ ነባር ማሽኖች ላይ የሚሠሩና አማርኛን በዩኒኮድ የሚያስተናግዱ ናቸው። ለጽሑፍ ሥራ፣ ለኢሜይልና ለኢንተርኔት ብቻ የሚያገለግል ማሽን በዚህ መንገድ ዕድሜው ሊራዘም ይችላል። ሆኖም ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ የሒሳብ ወይም የንብረት ፕሮግራሞች ላይሠሩበት ይችላሉ፤ ሠራተኛውም ሥልጠና ያስፈልገዋል።

በዚህ ረገድ የሁለት አገሮች ተሞክሮ የሚጠቀስ ነው። የፈረንሳይ ጃንዳርሜሪ ኮምፒውተሮቹን ወደ ኡቡንቱ አሸጋግሮ ለዓመታት ሲጠቀምበት ቆይቷል። በአንጻሩ የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ አስተዳደር 15 ሺህ ገደማ ማሽኖችን ወደ ሊኑክስ የማሸጋገሩን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 ካጠናቀቀ በኋላ የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስኗል። ልዩነቱ እንደሚያመለክተው ውሳኔው ከስርዓተ ክወናው ጥራት ባሻገር በሥራው ዓይነትና በአመራሩ ጽናት ላይም የተመሠረተ ነው።

ሦስተኛው ማሽኑን ከኢንተርኔትና ከመሥሪያ ቤቱ መረብ ነጥሎ ለውስን ሥራ ማቆየት ነው። ለምሳሌ አሮጌ ሰነዶችን በቀድሞው ፎንት ለማንበብ አንድ ማሽን እንዲህ ሊቆይ ይችላል። ይሁንና ጎጂ ፕሮግራም በፍላሽም ስለሚተላለፍ ወደ ማሽኑ የሚገባውና የሚወጣው ሁሉ ቁጥጥር ያስፈልገዋል።

አራተኛው መተካት ነው። የግል መረጃ፣ የገንዘብ ወይም የፍትሕ መዝገብ የሚያዝባቸው ማሽኖች በቅድሚያ ሊተኩ ይገባል። ከእነዚህ ውጭ መስፈርቱን በማለፍ ዊንዶውስ 11ን በግድ የመጫን ዘዴዎች የሚታወቁ ቢሆንም ኩባንያው አይመክረውም፤ ማሻሻያዎች ለማግኘትም ዋስትና የለውም። ስለዚህ ለመንግሥት ሥራ ተገቢ አይሆንም።

የጊዜ ሰሌዳና ኃላፊነት

የማሻሻል ሥራው መቼ እንደሚካሄድ መወሰን የአመራሩ ድርሻ ነው። የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ ወር ወይም ሪፖርት በሚጠናቀርበት ሳምንት የሒሳብ ክፍልን ማሽን መንካት ተገቢ አይደለም። በአንጻሩ የምትክ ግዥ የሚያስፈልጋቸው ማሽኖች ዝርዝር የቀጣዩ ዓመት በጀት ከመጽደቁ በፊት ሊቀርብ ይገባል።

ኃላፊነቱም በጽሑፍ ቢከፋፈል ይመረጣል። የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያው ማሽኑን ያሻሽላል። የመዝገብ ቤት ኃላፊው የተገለበጡትና የተቀየሩት ሰነዶች ከዋናው ጋር መመሳከራቸውን ያረጋግጣል። ተጠቃሚው ሠራተኛ ፋይሎቹ በሙሉ መገኘታቸውን አይቶ ይፈርማል። ከማሻሻሉ በኋላም ሠራተኛው ለዕለት ሥራው የአስተዳዳሪ ሥልጣን በሌለው የተጠቃሚ ስም እንዲሠራ ማድረግ ጎጂ ፕሮግራም ቢገባ እንኳ ጉዳቱን ይቀንሳል።

ሥራው በአንድ ጊዜ የሚያበቃ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። እያንዳንዱ የዊንዶውስ 11 ዓመታዊ ዕትም ድጋፍ የሚያገኘው እንደየዓይነቱ ለ24 ወይም ለ36 ወራት ነው። የኮምፒውተሮቹ ቆጠራም እንደ ማንኛውም የንብረት ቆጠራ በየዓመቱ ሊታደስ ይገባል።

አሮጌውን ማሽን ከማስወገድ በፊት

የሚወገድ ኮምፒውተር ከቢሮ ሲወጣ በውስጡ ያለው ዲስክ አብሮ ይወጣል። ፋይልን ማጥፋት ወይም ዲስኩን በተለመደው መንገድ ፎርማት ማድረግ መረጃውን ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም፤ በቀላሉ በሚገኙ ፕሮግራሞች ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰቦችን መረጃ የሚይዙ አካላት ለመረጃው ደህንነት ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርጉ ግዴታ ጥሏል። በመሆኑም ዲስኩ ለዚሁ በተዘጋጀ ፕሮግራም በአስተማማኝ ሁኔታ ሊጠረግ ወይም ተነቅሎ በአካል ሊወድም፣ ይህም በማስወገጃ ቃለ ጉባኤው ላይ ሊሰፍር ይገባል።

በአጠቃላይ ወደ አዲስ ስርዓተ ክወና የሚደረገው ሽግግር ሊዘገይ የማይገባው ተግባር ነው። የስኬቱ መለኪያ ግን የተሻሻሉት ማሽኖች ብዛት ብቻ ሊሆን አይችልም። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተጻፈለትን ደብዳቤ ፍለጋ የሚመጣ ባለጉዳይ ሰነዱን በአዲሱ ማሽን ላይ፣ ስሙ ሳይለወጥና ፊደሉ ሳይዛባ ማግኘቱ የሥራው ዋነኛ ማረጋገጫ ይሆናል።